ወንድምሽን መልሕቁን ሳበው በዪው

ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ጀልባ፣ አንድ ቤትና አንዲት እህት ነበሯቸው። ጀልባዋን በጋራ ይነዳሉ፣ ቤቱን መሃሉ ላይ ግድግዳ አቁመው ለሁለት ከፍለውታል፣ እህታቸውን ግን መክፈል ስላልሆነላቸው በመካከላቸው አቆሟት። መነጋገር ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። ትልቁ ለትንሹ የሚለው ነገር ሲኖረው ወደ እርሷ ዞሮ «ወንድምሽን እንዲህ በዪው» ይላል። ትንሹ ክንድ ዘርግቶ ሊነካው በሚችልበት ርቀት ቆሞ ሁሉን በጆሮው እየሰማ፣ እርሷ ደግማ እስክትነግረው ድረስ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሰማይ ሰማዩን ያያል። ከዚያ እርሱም በተራው «ወንድምሽን እንዲህ በዪው» ይላታል።

የወደቡ ጫኝና አውራጆች «ስልኳ» የሚል ስም ያወጡላት ለዚህ ነው። ስታልፍ «ዛሬ መስመሩ እንዴት ነው?» እያሉ ይቀልዱባታል። እርሷም ትስቃለች። ምን ታድርግ?

ጠቡ የመጣው በሞተር ነው። ትልቁ ወገቡን ታሞ አልጋ ላይ በዋለበት ወራት ትንሹ ሞተር ገዝቶ ለጀልባዋ ገጠመላት። ትልቁ ተሽሎት ወደ ወደቡ ሲወርድ የአባቱ ጀልባ ጭስ ስትተፋ አገኛት። ትንፍሽ ሳይል ሞተሩን ብሎን በብሎን ፈታና ለብረት ለቃሚ በነጻ አሸከመው። ትንሹ በሰው ፊት «አንተ ሰው አይደለህም፣ ግንድ ነህ!» አለው። ትልቁ አልመለሰለትም። ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሰለትም።

ታዲያ እህትየው የምታደርሰው የሰማችውን እንዳይመስላችሁ። ትልቁ «ያን አህያ ገመዱን ይፍታ በዪው» ሲላት «ጋሼ ገመዱን ብትፈታለት ደስ ይለዋል» ትላለች። ትንሹ «ያ ግንድ ራሱ አይፈታውም?» ሲል «እጄ እንደለቀቀ እፈታዋለሁ ብሏል» ትላለች። ሁለቱም ስድቡን ሰምተዋል፤ ግን መልስ የሚሰጡት ለእርሷ ቃል ነበር። ዓመታቱን ያሻገራቸው ይህ ነው። እርሷ ግን አንዳንድ ቀን ጎኗን ስታሳርፍ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከአፏ ከወጣው ሁሉ የራሷ የሆነ አንድ ቃል ፈልጋ ታጣለች።

መነጽር ሠሪው ግን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት። የትልቁን መነጽር ልታሠራ ሄዳ «ወንድሜ ጠበበኝ ይላል» ስትለው ነው እንዲህ ያላት። ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ድምፁ ሳይሰማ ትከሻው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። ላግባሽ ብሎ መጀመሪያ ሲጠይቃት «ወንድሞቼስ?» አለችው። ሌላ ጊዜ ሲጠይቃት ደግሞ ወንድሞቿ ለቡጢ ተገባብዘው ነበርና ጥላቸው መውጣት ፈራች። አሁን ባሕር ማዶ ካለች ከተማ ሱቅ ተከራይቶ ሊሄድ ነው። «መርከቧ ላይ ቦታ ይዤልሻለሁ» አላት። «ከመጣሽ እሰየው። ከቀረሽ ደግሜ አልጠይቅሽም፤ ላስጨንቅሽ አልፈልግም።» በድምፁ ውስጥ ቁጣ የሚባል አልነበረም። ያስፈራትም እሱ ነው።

መርከቧ የምትነሣው ከትልቁ ወደብ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ወንድሞቿ ከንፈራቸውን ነክሰውም ቢሆን አንድ ቀን ቀድመው ሊያደርሷት ተነሡ። ዘወትር የጣሪያ ሸክላ የምትጫነው ጀልባ በዚያ ቀን የያዘችው ሁለት ሻንጣ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የልብስ ስፌት መኪናና እርሷን ነበር። በዋዜማው ምሽት ነፋሱ መንገድ ላይ ሞተባቸውና ባሕረኞች «ጓዳ» በሚሏት፣ በሁለት ገደል መካከል ገባ ባለች ውሃ መልሕቅ ጥለው አደሩ። ከጓዳ በእግር የሚወጣበት መንገድ የለም፤ ግራና ቀኙ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ ነው። ወደቡ ግን ከገደሉ ጀርባ ነው፤ ነፋስ ካለ የተቀዳ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይደረሳል።

ጠዋት ነፋሱ መጣ። መልሕቁ ግን አልመጣም አለ።

እርሷ ኋላ ተቀምጣ መሪውን ይዛለች። ትንሹ ምሰሶው ሥር የሸራውን ገመዶች ያስተካክላል። ትልቁ ፊት ተንበርክኮ የመልሕቁን ገመድ ይስባል። ገመዱ እየጠበቀ፣ እየጠበቀ ሄደና ቀጥ ብሎ ወደ ታች ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ክር የምታህል አልጨመረም። ትልቁ አልደነገጠም። መልሕቅ ጥፍሩን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ሲያድር የሚነቀለው በጉልበት አይደለም። ገመዱን አሳጥረህ ጀልባዋን ልክ ከአናቱ ላይ ታመጣለህ፣ ገመዱን በማሰሪያው ጉቶ ላይ ጠምጥመህ ቁጭ ትላለህ። ማዕበል ሲመጣ ጀልባዋን ወደ ላይ ያነሣታል፤ እርሷ ስትነሣ መልሕቁም አብሮ ይነሣል። «ባሕሩ ይሥራው፣ አንተ ምን አደከመህ» ይል ነበር አባታቸው።

ትልቁ ጠመጠመና ቁጭ አለ። ማዕበሉ መጣ። ጀልባዋ ልትነሣ ሞከረች፣ አንገቷን እንደታሰረች ፍየል ተይዛ ቀረች፣ ውሃውም በላይዋ ዘሎ የትልቁን ደረት አራሰው። ሌላ ማዕበል መጣ። እንደዚያው ሆነ።

«ወንድምሽን ወደዚህ ና በዪው» አለ ትልቁ ፊቱን በእጁ እየጠረገ። «አንቺም ነይ።»

«ወደ ፊት ና ብሎሃል» አለች።

ሦስቱም ፊት ላይ ተሰበሰቡ። በክብደታቸው የጀልባዋ ፊት ሰጠም ሲል የላላውን ገመድ ትልቁ ሰበሰበና አሰረ። ቀጥሎ ሦስቱም ወደ ኋላ መሮጥ አለባቸው፤ ኋላዋ ሲከብድ ፊቷ ይነሣል፣ ያ መነሣት መልሕቁን ይስበዋል። ሮጡ። ትልቁ በቁመቱም በወርዱም ትልቅ ነው፤ ትንሹ ደግሞ ከጎኑ ቢቆም የእርሱ ጥላ ይመስላል። የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ሦስቱ በአንድ ቆጥ ላይ እንዳሉ ዶሮዎች ኋላ ላይ ተጨናንቀው ተቀመጡ፤ እርሷ መሃል፣ ሁለቱ የእርስ በርስ ትከሻቸው እንዳይነካካ ጎንና ጎኗን ተጭነው።

«ዝለል በዪው» አለ ትልቁ።

«ዝለል ይልሃል።»

ዘለሉ። ጀልባዋ ተንጫጫች፣ የሻንጣዋ እጀታ ተነቅሎ ወደቀ፣ መልሕቁ ግን እንደ ተኛ ተኛ።

ያን ጊዜ ከገደሉ ጀርባ የመርከቧ ጡሩምባ ጮኸ። መርከቧ ሳትነሣ ሁለት ጊዜ ነው የምትጮኸው፤ የመጀመሪያው ተሳፋሪ ለመጥራት፣ ሁለተኛው ለመሰናበት። ድምፁ ጓዳ ውስጥ ገብቶ ከገደል ገደል ሲጋጭ እህትየው ዙሪያዋን አየች። በግራዋ ድንጋይ፣ በቀኟ ድንጋይ፣ ከበታቿ የማይታይ ነገር የያዘው ገመድ፣ በሁለት ጎኗ ሁለት ወንድሞች። 

«ጋሼ፣ ሰማህ?» አለች።

«ሰምቻለሁ። በሸራ እንነቅለዋለን። ወንድምሽን ሸራውን ያንሣ በዪው።»

ይህ የደፋር ዘዴ ነው። ሸራ ይነሣና ጀልባዋ ወደ መልሕቁ ትነዳለች። ገመዱ ሲላላ ፊት ያለው ሰው እየተጣደፈ ይሰበስባል፣ ጀልባዋ ልክ በመልሕቁ ላይ ስታልፍ ጉቶው ላይ ጠምጥሞ ያስራል፤ የሩጫዋ ክብደት መልሕቁን ከገባበት ተቃራኒ ጎትቶ ይፈነቅለዋል። ወዲያው ሸራው ወደ ሌላው ጎን ካልተመለሰ ግን ገደሉ ቅርብ ነው። ስለዚህ ገመድ የያዘውና ሸራ የያዘው እጅና ጓንት መሆን አለባቸው። «አሁን» ሲባል አሁን ነው፣ ቆይቶ አይደለም።

ጀልባዋ ሄደች። ትልቁ እያለከለከ ሰበሰበ፣ ጠመጠመ፣ «መልስ በዪው!» ብሎ ጮኸ።

«መል...» አለች እህትየው፤ ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ጀልባዋ አልፋ ሄዳ፣ ገመዱ ከጎን በኩል ቀጭ አድርጎ ያዛትና ዞራ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ትንሹ በጆሮው ሰምቷል። እጁ ግን የእርሷን ቃል ይጠብቃል። ክፋት አልነበረም፤ ሰው የለመደውን እጁ አይረሳም።

ደገሙት። አሁን እርሷ ቃሉን አሳጠረች፤ «ይልሃል» የሚለውን ጣለችው፣ ያም ዘገየ። በሦስተኛው ጊዜ ትልቁ አፉን ሳይከፍት ቀድማ «መልስ!» አለች፤ ትንሹ መለሰ፣ ገመዱ ገና አልታሰረም ነበርና በትልቁ መዳፍ ውስጥ እየተፋተገ ሮጦ ቆዳውን ላጠው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ጀልባዋ ስትናጥ መሪው ክንዷን መታት፤ ሕመሙ እስኪያስለቅሳት ድረስ። ትልቁ ደም ያዘለውን መዳፉን እፍ እፍ አለ። እርሷ ግን ገባት። ታች ያለውን የያዘው ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ላይ ያለውን የያዘው ግን የእርሷ ምላስ ነው። ስታገለግላቸው የኖረችበት ምላስ።

ነፋሱ እየበረታ ወደ ጓዳ ውስጥ ይገፋ ጀመር። ፀሐይዋ ከገደሉ አናት ላይ ወጥታ ቁልቁል ታያቸዋለች።

«ጋሼ» አለች። «ቁረጠው። እባክህ ገመዱን ቁረጠው።»

ትልቁ መልሕቁን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየው። ደግሞም ሞተር የሌላት ጀልባ ፍሬኗ መልሕቋ ነው። ወደቡ ስትገባ ከመቆሚያው ራቅ ብላ መልሕቅ ትጥላለች፤ ገመዱ እየጠበቀ ነው ቀስ አድርጎ የሚያቆማት። ያለ መልሕቅ ከገባች ከግንቡ ጋር ተላትማ ሸክላ ትሆናለች። ይህን ሁሉ እርሷም ታውቀዋለች። ትልቁ የእህቱን ፊት አየ። እንዲህ ያለ ፊት አይቶባት አያውቅም።

«እሺ» አለ። «አንቺን ከማስቀር ይቅር። ለወደቡ ትንሹ መልሕቅ ይበቃናል።»

ምሰሶው ሥር ካለው ሣጥን ሄዶ ክዳኑን አነሣ። ሣጥኑ ውስጥ እርጥብ ጆንያና የዝገት ፍርፋሪ ብቻ ነበር። ትንሹ መልሕቅ ከነሰንሰለቱ የለም። ትልቁ ጆንያውን አነሣ፣ ከሥሩም ምንም የለም። ቀና ሲል ትንሹ ወንድሙ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ወንድምሽን ጠይቂው» አለ ትልቁ በቀስታ። «መልሕቁ የት ገባ?»

እርሷ አፏን ከፈተች። የሚባለው ነገር እንደ ሁልጊዜው ተስተካክሎ፣ ለስልሶ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ «ጋሼ ትንሹን መልሕቅ አይተኸው እንደሆነ...»። ዘጋችው።

«አልጠይቀውም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ራስህ ጠይቀው። ይኸው ቆሟል።»

«እትዬ...» አለ ትንሹ።

«አንተም ለእኔ እንዳትነግረኝ! ለእሱ ንገረው። እኔ ደክሞኛል። መርከቧ ትሂድ፣ ገደሉ ይብላን፣ እንደፈለገ ይሁን። ከዚህ በኋላ አንዲት ቃል አላመላልስም።»

መሪውን ብብቷ ሥር አስገብታ ከንፈሯን ገጠመች። እንዲህ ብላ አታውቅም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእነዚህ ሁለት ሰዎች ዝምታ ግን ድሮ ነቅዟል፤ የቀረው መፍረሱ ነው። ትልቁ የሣጥኑን ክዳን እንደያዘ፣ ትንሹ የሸራውን ገመድ እንደያዘ ቆሙ። ጀልባዋ ወደ ግራው ገደል ስትገፋ ገመዱ ጓ ብሎ ይመልሳታል፤ እንደገና ትገፋለች።  ትልቁ ጉሮሮውን ጠራረገ። እንደገና ጠራረገ።

«የት...» አለ ወደ ምሰሶው እያየ። ከዚያ እንደ ምንም ፊቱን አዞረ። «የት አደረግኸው?»

ትንሹ ደነገጠ። ድምፁ በቀጥታ ወደ እርሱ ሲመጣ ዓመታት ሆኖታል።

«ታች ነው» አለ።

«የት ታች?»

«ታች ነዋ! ባሕር ውስጥ!» ብሎ ፈነዳ። «ሌሊት ነፋሱ ሲዞር ጀልባዋ ወደ ገደሉ የሄደች መሰለኝ። ትንሹን ከኋላ ጣልኩት። ሲነጋ ብስበው ብስበው እምቢ አለኝ። አንተ ስትነቃ ሰማሁና... ገመዱን ቆረጥኩት።»

«ቆረጥከው?»

«ታዲያ ምን ልበል? ‹ወንድምሽን፣ ሌሊት ፈርቼ ነበር በዪው› ልበላት?»

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች!» ብሎ ትልቁ ክዳኑን ወረወረው። «ጠዋት ሙሉ ሲያንጠለጥለን የዋለው ያ ነዋ! እያወቅህ አዘለልከኝ! በዚህ ወገቤ!»

«ከትልቁ ጋር መጣበቁን አላወቅሁም! ደግሞ እንዴት ይጣበቃል? ርቆ ነው የጣልኩት!»

ትልቁ ጭንቅላቱን አከከ።

«እኔም» አለ ዝቅ ብሎ፤ «ነፋሱ ሲዞር ተነሥቼ የትልቁን ገመድ ጨምሬ ለቅቄያለሁ። ተኝተሃል ብዬ።»

ሁለቱም ውሃውን አዩ። አንዱ ሌላውን ሳይነግር ጣለ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነግር አስረዘመ፣ ነፋሱ ጀልባዋን ሲያዞራት ሁለቱ መልሕቆች ታች ተጠማዝዘው አደሩ። ተራ ቃል ተነጋግረው የሚያድሩ ሰዎች ቢሆኑ ይህ አይደርስባቸውም ነበር። እነርሱ ግን ለመነጋገር እህታቸውን ከእንቅልፏ መቀስቀስ ነበረባቸው፤ አዘኑላትና ተዉት። ደግነታቸው እንኳ እንዲህ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ አንዴ የተከፈተ አፍ የሆዱን ሳይዘረግፍ አይዘጋም።

«ሞተሬን!» አለ ትንሹ። «ሞተሬን ለብረት ለቃሚ ሰጠህብኝ!»

«ታምሜ በተኛሁበት! ሞቼ ቢሆን አፈር ሳትመልስብኝ ነበር የምትገጥመው!»

«ላንተ ብዬ ነው የገዛሁት! ሐኪሙ ከእንግዲህ ገመድ ከሳበ ወገቡ አይቆምም አለኛ! እንዳትስብ ብዬ ነው!»

 «አልነገርከኝም» አለ ትልቁ።

«መቼ አናገርከኝ?»

እህትየው መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ይህን ነገር እርሷም አልሰማችውም ነበር፤ ማንም አድርሺልኝ ብሎ አልሰጣትም። የዓመታቱን ስድብ አጣፍጣ ስታመላልስ፣ መባል የነበረበት ይህ አንድ ነገር ከትንሹ ሆድ ሳይወጣ ኖሯል። እኔ ባልኖር ኖሮ ዓመት ሳይሞላቸው ይታረቁ ነበር ይሆን ብላ አሰበች፤ ሐሳቡ ከክንዷ ሕመም ይልቅ አመማት።

«ወዴት ነው የጣልከው?» አለ ትልቁ። ድምፁ ተለውጧል፤ የሥራ ድምፅ ነው።

«ከኋላ፣ ወደ ቀኙ ገደል።»

«እንግዲያው እስካሁን በተሳሳተ በኩል ነው ስንጎትት የዋልነው። ወደ ግራው ካልሄድን አይለቅም። እስከ ጥጉ።»

«ገደሉ ይበላናላ።»

«አሁን ስልህ ከመለስክ አይበላንም።»

«አሁን ካልክ እመልሳለሁ» አለ ትንሹ።

ሸራው ተነሣ። እህትየው መሪውን ወደ ግራው ገደል አዞረች። ድንጋዩ እየቀረበ፣ እየተለቀ መጣ፤ በላዩ የበቀለው የድንጋይ ሽበት፣ በስንጥቁ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ይቆጠር ጀመር። ትልቁ በተላጠ እጁ ይሰበስባል።

«እየመጣ ነው! ያዘው፣ ያዘው እንዳትለቅ!»

«ይዣለሁ!»

«ጠብቅ... ጠብቅ...» ጠመጠመ። «አሁን!»

ሸራው እንደ ጥፊ ጮኾ ተመለሰ። ጀልባዋ ተንቀጠቀጠች፣ ገመዱ ውሃ እየረጨ ተወጠረ፣ እህትየው ዓይኗን ጨፈነች። ከሥር፣ የክፉ ጥርስ ሥር ሲለቅ እንደሚሰማው ያለ ነገር በእንጨቱ ውስጥ ተሰማት። ከዚያ ጀልባዋ ቀለለች። ትንሹ ሸራውን አስሮ ወደ ፊት ሮጠ፤ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተጋጥመው እያቃሰቱ ሳቡ። ትልቁ መልሕቅ ወጣ፤ ትንሹ መልሕቅ ሰንሰለቱን ሦስት ዙር ጠምጥሞበት አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ምሳሌ የሚወድ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ብዙ ይናገር ነበር፤ እኛ ወደ እህትየው እንመለስ።

ከጓዳ ወጥተው ሰፊው ባሕር ላይ ሆነዋል። ሁለቱ ወንድማማቾች እግራቸውን ዘርግተው ሰንሰለቱን እየፈቱ ይስቃሉ። «ስንዘል ፊትህን ብታየው!» ይላል አንዱ። «አንተስ! ሻንጣውን የሰበረው ያንተ ዝላይ ነው» ይላል ሌላው። ልጅ ሳሉ እንዲህ ሲስቁ ታስታውሳቸው ነበር። በሕይወቷ የተሳለችው ለዚህ ቀን ነው ማለት ይቻላል።

«መርከቧማ አልፋ ይሆናል» አለ ትልቁ እንባውን እየጠረገ። «አይደል እንዴ?»

«ሳታልፍ አትቀርም፣ ጋሼ» አለ ትንሹ።

ጋሼ አለው። 

«ወደ ቤት እንመለስ» አለ ትልቁ። «ነገ ያንን ግድግዳ እንደረምሰዋለን። ሦስታችን በአንድ ማዕድ እንበላለን። እታለም፣ ከእንግዲህ ምን ጎደለሽ? ስትለምኚ የኖርሽው ይኸው ሆነ።»

«እውነቱን ነው፣ እትዬ» አለ ትንሹ። «አሁንማ የት ትሄጃለሽ?»

ዓመታት ካለፉ በኋላ ሁለቱ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር፤ እንዳትሄድ። እህትየው ከጠዋቱ ይልቅ አሁን ተጨነቀች። ጠዋት የያዛት ገደልና ብረት ነበር፣ ልትቆጣው ትችላለች። አሁን የያዟት ሁለት የሚስቁ ሰዎች ናቸው፤ የምትወዳቸው፣ የሚወዷት። እጇን መሪው ላይ አየችው። ወደ ግራ ብትገፋው ቤት ነው፣ ወደ ቀኝ ወደቡ። ሁለቱም እስክትገፋው ይጠብቃሉ፤ ወደ ግራ እንደምትገፋው አልተጠራጠሩም።

ወደ ቀኝ ገፋችው።

«ሁለተኛው ጡሩምባ አልጮኸም» አለች። «እኔ እሄዳለሁ።»

«ምን አልሽ?» አለ ትልቁ።

«እሄዳለሁ አልኩ። በመታረቃችሁ ደስታዬን የት ላድርሰው፤ ግን እሄዳለሁ። ሰውየውን እወደዋለሁ።»

የተናገረችውን ራሷ ሰማችው። የማንም መልእክት አልነበረም። ትልቁ ፊቱ ጠቆረ። እህቱ አንድ ነገር ፈለግሁ ስትል ሰምቶ አያውቅም፤ የሰማው ቀን ደግሞ የፈለገችው ከእርሱ መለየት ሆነ። ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ጀርባውን ሰጣት፣ ወደ ትንሹ ዞረ።

«እህትህን» አለ፤ «ዛሬ ከዚህ ጀልባ ከወረድሽ ወንድም የለሽም በላት።»

ትንሹ ከእርሷ አጠገብ ነበር፤ ጉልበቱ ጉልበቷን ሊነካ ምንም አይቀረውም።  ለሥራው አዲስ ነው።

«ከወረድሽ ወንድም የለሽም ይልሻል» አላት።

እንዳለ፣ እንደ ወረደ አደረሰው። እህትየው ሁለት ጊዜ ሰማችው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ ዘመን ምን ሲደርሳቸው እንደኖረ፣ ምን ሳይደርሳቸው እንደቀረ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። እንባዋ መጣ፤ ታናሽ ወንድሟንም አየችውና አሳዘናት።

«እንዲህ አይደለም የሚባለው» አለችው በሹክሹክታ።

«ታዲያ እንዴት ነው?»

«‹እንዳትጠፊብን ብሏል› ነው የሚባለው።»

ትንሹ አፉን ከፍቶ አያት። ጀልባዋ ገደሉን ዞረችና ወደቡ ብቅ አለ። መርከቧ አልሄደችም፤ መሰላሏም አልተነሣም። ከመሰላሉ ሥር አንድ ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ወደ ባሕሩ ያያል። ትልቁ መልሕቁን ተሸክሞ ፊት ቆሟል፤ የተቆጣ ሰው ቢሆንም ጀልባ ማቆም የእርሱ ሥራ ነው። ወደ ኋላ አልዞረም።

«ምን አለች?» አለ።

ትንሹ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። እህቱን አየ፣ የወንድሙን ሰፊ ጀርባ አየ፣ አሰበ።

«ቶሎ ቶሎ እየመጣሁ አያችኋለሁ ብላለች» አለው።

እርሷ እንዲህ አላለችም። ትልቁም ጆሮ አለው፣ እንዳላለች ሰምቷል። ግንቡ እየቀረበ ነበር። ትልቁ ደረቱ ላይ ያቀፈውን መልሕቅ ከፍ አደረገ።

«እሺ በላት» አለና መልሕቁን ጣለ።